«የባጃጇን ሊብሬ አስይዤ ዱባይ ልሂድ?»

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጆች። የምኖረው ሐዋሳ ታቦር ክፍለ ከተማ ነው። 28 ዓመቴ ነው፤ የአራት ዓመት ሴት ልጄን ከእናቴ ጋር አሳድጋለሁ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አምስት ዓመት የስፌት ማሽን ኦፕሬተር ሆኜ ሠርቻለሁ፤ ፋብሪካው ሠራተኛ ሲቀንስ ወጣሁ። አሁን አንድ ልብስ ሰፊ ቤት በቁራጭ እየተከፈለኝ እሠራለሁ፤ ገቢው ከቤት ኪራይና ከአስቤዛ አያልፍም። የሰፈራችን ሰው በ280,000 ብር ዱባይ አስገባሻለሁ፣ በቪዚት ገብተሽ ሥራ ስታገኚ ቪዛውን ትቀይሪዋለሽ ይለኛል። 130,000 ብር እቁብ ሊወጣልኝ ነው። ቀሪውን 150,000 የወንድሜን ባጃጅ ሊብሬ ይዞ በወር በመቶ 5 ወለድ የሚያበድር ሰው አግኝተናል። ጓደኛዬ ደግሞ በኤጀንሲ ሳዑዲ ለቤት ሠራተኝነት ብትሄጂ ይሻላል ትላለች። ወንድሜ እኔ ካልሄድኩ እሱ በሞያሌ አድርጎ ደቡብ አፍሪካ ሊሄድ እያሰበ ነው። ለሰውዬው 20,000 ብር ቀብድ ከፍያለሁ፤ ፓስፖርቴም እሱ ጋ ነው። እዚህም ኑሮው፣ እዚያም ጦርነቱ የሚያስተማምን አልሆነም። ልሂድ ወይስ ልቅር?
ደ. ከሐዋሳ

መልስ፦ እህታችን፣ ከቁጥሩ እንጀምር። ለስሌት እንዲመች አንዱን የሳዑዲ ሪያል 38፣ አንዱን የኤምሬትስ ድርሃም 39 ብር ብለን ይዘናል፤ አንቺ ስታሰዪ የዕለቱን የባንክ ዋጋ ተኪበት።

ዱባይ ገብተሽ ሁሉ ነገር ቀንቶሽ፣ ሦስት ወር ብቻ ያለ ገቢ ቆይተሽ በ1,500 ድርሃም ሥራ ያዝሽ እንበል። ከብዙ ሰው ጋር ለምትጋሪው ክፍል ለአንድ አልጋ 600፣ ለምግብና ለትራንስፖርት 400 ብታወጪ በእጅሽ የሚቀረው 500 ድርሃም ነው፤ 19,500 ብር። የ150,000 ብሩ ወለድ በወር 7,500 ብር ነው። ሥራ ባልያዝሽባቸው ሦስት ወራት 22,500 ይጠራቀምና ዕዳው 172,500 ይሆናል። ከዚያ በኋላ፣ አበዳሪው ወለዱን እስከ መጨረሻው በሙሉው 150,000 ላይ ካሰበብሽ፣ በየወሩ ወለዱን ከፍለሽ ለዋናው የሚተርፈው 12,000 ብር ብቻ ስለሆነ አበዳሪውን ለመገላገል ከ14 ወር በላይ ይፈጅብሻል። የእቁቡን 130,000 ለመተካት ደግሞ ሰባት ወር ያህል ጨምሪበት። ድምሩ ሁለት ዓመት ነው፤ ያውም ለልጅሽ አንድ ብር ሳትልኪ። እቁብ ደግሞ አይጠብቅም፤ ዕጣው ከወጣልሽ በኋላ የየሳምንቱ መዋጮ እናትሽ ላይ ይወድቃል። አንድ ሁለት ወር ብትዘገዪ ባጃጇ ትሄዳለች፤ ከእሷ ጋር ወንድምሽ እንጀራውን ያጣል።

ይህ እንግዲህ የቀናው መንገድ ነው። የቪዚት ቪዛ የ30 ወይም የ60 ቀን ነው። ከጊዜው በላይ ለቆየሽበት ለእያንዳንዱ ቀን 50 ድርሃም ቅጣት ይቆጠራል፤ በወር 1,500 ድርሃም፣ ማለትም ገና ያላገኘሽው ደሞዝ በሙሉ።

ሰውዬው የነገረሽ ሁሉ ውሸት ነው አንልም። በቪዚት ገብቶ ቪዛ የቀየረ ሰው አለ፤ ደላላም ስሙን የሚጠራው ያንን አንዱን ነው። የኤምሬትስ ሕግ ግን የቅጥርና የቪዛ ወጪን አሠሪው ላይ ነው የሚጥለው። ከነሐሴ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ፈቃድ የሌለው ሰው የሚያሠራ ቀጣሪ ከ100,000 ድርሃም ጀምሮ እስከ አንድ ሚሊዮን ይቀጣል። ይህን ያህል ቅጣት ባለበት አገር ደህና ኩባንያ የቪዚት ሰው ደፍሮ አይነካም። የሚቀጥርሽ ቅጣቱን የማይፈራው ነው፤ ያ ሰው ደሞዝ መከልከልንም አይፈራም፣ ምክንያቱም ልትከሺው ብትሄጂ መጀመሪያ የምትያዢው አንቺ መሆንሽን ያውቃል። «ፍሪ ቪዛ» የሚሉትም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በወረቀት ላይ አሠሪሽ የሆነ፣ በተግባር ሥራ የሌለው ሰው ቪዛውን ሸጦልሽ ከሌላ ቦታ ሥራ ፈልጊ ማለት ነው።

ስለዚህ ማንኛውም የውጭ ሥራ ሲመጣልሽ ከአገሩ ስም በፊት የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ ለቪዛውና ለትኬቱ የሚከፍለው ማነው? የእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 923/2008 (በ1246/2013 ተሻሽሏል) ወጪውን ለይቶ አስቀምጦታል። የመግቢያ ቪዛ፣ የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃድ፣ የመድን ሽፋን አሠሪው ላይ ናቸው። ሠራተኛዋ የምትሸፍነው ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ማስረጃ፣ ከወንጀል ነፃ ማስረጃ፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫና የውል ማረጋገጫ ነው። ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ገንዘቡን የሚያገኘው ከአሠሪው ወገን ነው። 280,000 ብር ሲጠይቅሽ ሰውዬው ራሱ መልሱን ሰጥቶሻል። የዱባዩን ነገር እንድትተዪው እንመክርሻለን።

የጓደኛሽ ሐሳብ ሌላ ነው፤ በደንብ መመርመር ያለበትም እሱ ነው። የሳዑዲ የቤት ሠራተኛ ውል ላይ የተለመደው ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው። ምግብና ማደሪያ አሠሪው ላይ ስለሆነ 800 ሪያሉን፣ 30,400 ብር ያህል፣ በየወሩ መላክ ይቻላል። ውሉ ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለቱን ወር ለመዘግየትና ለልዩ ልዩ ወጪ ብንተወው በ22 ወር 668,800 ብር ይሆናል። ሪያል ከዶላር ጋር ለአሥርተ ዓመታት በ3.75 ታስሮ የኖረ ገንዘብ በመሆኑ ብር ቢወርድም የአንቺ ደሞዝ አብሮ አይወርድም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ የዚያን ቀን ጉዳት ያልተሰማቸው በሪያልና በዶላር የሚከፈላቸው ነበሩ። አለመረጋጋት ባለበት ጊዜ ውጭ ለመውጣት ጠንካራው ምክንያት ይኸው ይመስለናል፤ ግን የሚሠራው ያለ ዕዳ ለወጣ ሰው ነው። በዓመት በመቶ 60 የሚወልድ ዕዳ ከየትኛውም ምንዛሪ ይቀድማል።

ገንዘቡ ይህ ነው፤ ሌላው ጎን ደግሞ ሥራው ነው። አምስት ዓመት የያዝሽው የማሽን ሙያ እዚያ አይጠየቅም። ሌሊት የሚነሳ ሕፃን፣ አልጋ የያዘች አሮጊት፣ ባለ ሦስት ፎቅ ቤት ሊሆን ይችላል። ሳዑዲ በቅርብ ዓመታት ባወጣችው የቤት ሠራተኞች ደንብ የሥራ ሰዓት በቀን ከ10 እንዳይበልጥ፣ በሳምንት የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲኖር፣ አሠሪው ፓስፖርት እንዳይዝ ተደንግጓል፤ ደሞዝም ሙሳነድ በሚባለው መድረክ በኩል በባንክ ወይም በዲጂታል ቦርሳ እንዲከፈል ተደርጓል። በር ተዘግቶ የሚሠራ ሥራ ላይ ግን ደንቡን የሚያስፈጽምልሽ ጎረቤት የለም። በኤጀንሲ ሄደሽም ደሞዝ ሊዘገይ፣ ስልክ ሊወሰድ፣ ወደ ዘመድ ቤት ተልከሽ ሁለት ቤት ልትሠሪ ትችያለሽ። በኤጀንሲ የሄደችውን የሚለያት ተጠያቂ ያላት መሆኑ ነው፦ ኤጀንሲው ፈቃድ የሚያገኘው የዋስትና ገንዘብ አስይዞ ነው፣ ለውሉ መጣስም ከአሠሪው ጋር በአንድነትና በተናጠል ይጠየቃል።

ይህን መንገድ ከመረጥሽ ሥራው ከወረቀት ይጀምራል፤ ብዙ ሰው የሚሰናከለውም እዚህ ነው። ፋይዳሽ፣ ፓስፖርትሽ፣ የልደት ማስረጃሽና የትምህርት ማስረጃሽ ላይ ስምሽና የአባት ስም በአንድ ፊደል እንኳ እንዳይለያይ። የልደት ቀን ደግሞ ይበልጥ ያሳስታል፦ ኅዳር 1990 የተወለደች በፈረንጅ 1997 ናት፣ ሚያዝያ 1990 የተወለደች ግን 1998። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛው ሳምንት ድረስ ሰባት፣ ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ነው የሚጨመረው። አንዱ ቢሮ ሰባት ሌላው ስምንት ከደመረ ሥርዓቱ ሁለት ሰው አድርጎ ያይሻል፤ ማስተካከያው ከዋናው ጉዳይ በላይ ይጓተታል።

ቀጥሎ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ትመዘገቢያለሽ፤ ለዚህ የክፍለ ከተማሽ የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ይበቃል፣ ደላላ አያስፈልግም። ከዚያ ሥልጠና፣ ከዚያ የሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ፈተና። ኤጀንሲ ስትመርጪ በዚያው ሥርዓት ላይ ፈቃድ ካላቸው ውስጥ መሆኑን በስሙ አጣሪ። ሐዋሳ ላይ «የእገሌ ኤጀንሲ ተወካይ ነኝ» የሚል ሰው ካገኘሽ የውክልና ደብዳቤውን ቁጥር ይዘሽ አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ደውዪ። ስልኩን ግን ተወካዩ ከሚሰጥሽ ካርድ ላይ አትውሰጂ።

ሕክምናውን በተመለከተ ቀደም ብለሽ የምታደርጊው አንድ ብልሃት አለ። የባሕረ ሰላጤ አገሮች ምርመራ፣ ሰው ጋምካ እያለ የሚጠራው አሁን ዋፊድ የተባለው፣ የደረት ራጅ፣ የጉበት ቫይረስ ቢና ሲ፣ ኤችአይቪ፣ እርግዝና ያያል። ድሮ ታክመሽ የዳንሽው ቲቢ የተወው ጠባሳ ራጅ ላይ ከታየ እንኳ ልትወድቂ ትችያለሽ። ስለዚህ ለምንም ነገር ከመክፈልሽ በፊት እዚያው ሐዋሳ ራጅና የጉበት ምርመራ አድርጊ። የሚያሳልፍሽ ከሆነ ትቀጥያለሽ፤ ካልሆነም ለራስሽ ጤና አወቅሽ። ዋናውን ምርመራ ግን አሠሪ ሳይገኝና ውል ሳይመጣ አትቸኩዪበት፤ ውጤቱ የሚያገለግለው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ቪዛው ከዘገየ ድጋሚ ያስከፍላል።

ውሉ ሲመጣ የምታነቢው የአሠሪው ስምና ከተማ፣ የቤተሰቡ ቁጥር፣ ደሞዙ በሪያል፣ የዕረፍት ቀን፣ የመመለሻ ትኬት የማን እንደሆነ ነው። «እዚያ ስትደርሺ ሌላ ትፈርሚያለሽ» የሚል ቃል ከሰማሽ ቁሚ፤ ውል የሚቀየረው በዚህ ነው። የውሉን ቅጂ አንዱን ለእናትሽ፣ አንዱን ስልክሽ ውስጥ ሳይሆን ልብስሽ ውስጥ ያዢ። ሪያድ ያለውን ኤምባሲ ወይም ጅዳ ያለውን ቆንስላ ስልክ በቃልሽ አጥኚ፤ ስልክ የተወሰደባት ሴት የሚተርፋት የምታስታውሰው ቁጥር ብቻ ነው።

ደሞዝ ቢዘገይ ወይም ቤቱ ቢከብድሽ ዝም ብለሽ አትውጪ። አሠሪው «ሁሩብ»፣ ማለትም ከሥራ ጠፍታለች፣ ብሎ ካስመዘገበሽ ከሳሽ መሆንሽ ቀርቶ ተከሳሽ ትሆኛለሽ፤ ያልተከፈለሽንም ለማግኘት ይከብዳል። መጀመሪያ ኤጀንሲውን፣ ቀጥሎ ቆንስላውን በመልእክትም ቢሆን አሳውቂ፤ ቀኑ የተጻፈበት ነገር በኋላ ማስረጃ ይሆናል። ዱላና ጥቃት ካለ ግን ይህ ሁሉ ቅደም ተከተል አይሠራም፤ በተከፈተው በር ወጥተሽ በቀጥታ ፖሊስ ወይም ቆንስላ።

ስለ ጦርነቱ ለጠየቅሽው፦ ከጦርነቱ ይልቅ የአሠሪው ቤት ኢኮኖሚ ነው ቶሎ የሚደርስሽ። በ2012 ዓ.ም. የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅና ኮሮና ሲጨመርበት ቤይሩት ውስጥ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያን ሴቶችን ደሞዝ ሳይከፍሉ ቆንስላው በር ላይ አውርደዋቸው ሄደዋል። ያን ጊዜ የተጎዱት ሁለት ዓይነት ነበሩ፤ ደሞዛቸው በአገሬው ሊራ የተቆረጠላቸው፣ ደሞዛቸውን አሠሪው ጋ «ያስቀመጡ»። አንቺ በየወሩ ተቀበዪ፣ በየወሩ ላኪ፤ ማዳም ጋ አታጠራቅሚ። ስትልኪም በሁለት አካውንት ይሁን፦ ከ800 ሪያሉ 400 ለልጅሽና ለቤት በእናትሽ ስም፣ 400 ማንም ሊያወጣው በማይችል በራስሽ ስም። ወንድምሽን ስለማናምነው አይደለም፤ እዚያ ሆነሽ የቤት ክዳን፣ የሠርግና የለቅሶ ወጪ በተነሳ ቁጥር እምቢ ማለት እንዳይኖርብሽ ነው። ለልጅሽ ትምህርት ቤትና ሕክምና እናትሽ እንድትፈርም ከመሄድሽ በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ ውክልና ስጫት። ይህን የሚረሳ ሰው በኋላ ከቆንስላ ለማስላክ ብዙ ይንገላታል።

መቅረቱንም በቁጥር እይው። አገራችን አጎዋ ከተባለው የአሜሪካ ከቀረጥ ነፃ ገበያ ተጠቃሚነት ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ስትወጣ የሐዋሳ ፓርክ ትልልቅ ገዢዎቹን አጥቷል፤ የድሮው የፋብሪካ ሥራ በቅርብ ይመለሳል ብለሽ አትጠብቂ። እጅሽ ላይ ያለው ሙያ ግን ፓርኩ ውስጥ አልቀረም። በቁራጭ የሚከፍልሽ ልብስ ሰፊ ካንቺ ሥራ ላይ ምን ያህል እንደሚያተርፍ ለሁለት ሳምንት በደብተር ያዢ፦ የጨርቁን ዋጋ፣ ላንቺ የሚደርሰውን፣ ደንበኛው የሚከፍለውን። ልዩነቱ ደህና ከሆነ በ130,000ው እቁብ ያገለገለ የኢንዱስትሪ ሲንገርና ኦቨርሎክ ማግኘት ይቻል እንደሆነ ገበያውን ጠይቂ፤ መብራት በሚጠፋበት ሰዓት የሚያሠራ የእግር ማሽን አብሮ ቢኖር አይከፋም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ከነሐሴ እስከ መስከረም ይጣደፋል፣ ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ በየወሩ እኩል ገቢ ብለሽ ካሰብሽ ትሳሳቻለሽ። የኪራይ ስድስት ወር ቅድሚያ ከጠየቁሽ ደግሞ እቁቡ ማሽን ሳይገዛ ያልቃል፤ መጀመሪያ እቤት ይሁን።

የእኛ ሐሳብ እንዲህ ነው። ዱባዩን ተዪው። ሊብሬውን ከማንም እጅ አታስገቢ። የሳዑዲውን ወረቀት ጀምሪ፤ ፋይዳውና የስም ማስተካከያው የትም ብትሆኚ ያስፈልግሻል። ጉዳዩ ወራት ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ስፌቱን በደብተር ይዘሽ ትፈትኚዋለሽ። ውሉ ሲመጣ በእጅሽ የሁለት ቦታ ቁጥር ይኖርሻል። ስፌቱ በወር ከ12,000 ብር በላይ የተጣራ ካስገኘልሽ፣ እኛ ብንሆን ከአራት ዓመት ልጅ ለ18,000 ብር ልዩነት አንለይም። ከዚያ በታች ከሆነ መሄድሽን የሚነቅፍ ሰው ቤትሽን አያውቅም። መስመሩን የምታሰምሪው ግን አንቺ ነሽ።

ለወንድምሽ የምትነግሪው አጭር ነው። በሞያሌ የሚጀምረው መንገድ ኬንያን፣ ታንዛኒያን፣ ማላዊን ወይም ሞዛምቢክን በተዘጋ መኪና ማቋረጥ ነው። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ ቴቴ ውስጥ ከአንድ ኮንቴይነር የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጣ፤ አየር አጥሯቸው ነው የሞቱት። ባጃጅ ያለው ሰው ለዚህ መንገድ ባጃጁን መሸጡ በምንም ሒሳብ አይገባንም።

ስለ ቀብዱና ስለ ፓስፖርቱ፦ ፓስፖርት የመንግሥት ሰነድ ነው፣ ማንም ግለሰብ ለዕዳም ለውለታም ሊይዘው አይችልም። ገንዘቡን በባንክ ወይም በቴሌብር ከከፈልሽ የክፍያ ማረጋገጫውን አሳትሚ፤ በእጅ ከሰጠሽ ያየ ሰው ስም ያዢ። ከዚያ በስልክ ንግግር ሳይሆን በጽሑፍ መልእክት «ጉዞውን ትቻለሁ፣ ፓስፖርቴንና 20,000 ብሬን እስከ ዓርብ መልስልኝ» በዪው፤ መልሱ ራሱ ማስረጃ ነው። ፓስፖርቱን አስቀድሚ፤ ብሩ ቢቆይ ይቆያል፣ «ቀብዱን ከተውሽ ፓስፖርቱን እሰጥሻለሁ» ቢልሽም ፓስፖርቱን ተቀብለሽ ስለ ብሩ ሌላ ቀን ተነጋገሪ። ሁለት የሰፈር ሽማግሌ ይዘሽ መሄድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ፤ ፈቃድ ሳይኖረው ሰው ለሥራ ወደ ውጭ የሚልክ በአዋጅ 923/2008ም በ1178/2012ም በወንጀል ስለሚጠየቅ ሰውዬው ነገሩ እስከዚያ እንዲደርስ አይፈልግም። ፓስፖርቱ «ጠፋ» ብለሽ ሌላ ለማውጣት ግን አትሞክሪ፤ የሐሰት ማመልከቻ ይሆንብሻል። በእጅሽ ሲገባ ገጾቹን አንድ በአንድ አገላብጪ፣ በስምሽ የቪዛ ማመልከቻ አስገብቶ እንደሆነም ጠይቀሽ ቅጂውን ተቀበዪው፤ ሳታውቂው የተጠየቀ ቪዛ ነገ በኤጀንሲ ስታመለክቺ ጥያቄ ይዞ ሊመጣ ይችላል።